አንድ ዙር ጥቅል የሆነው ሕንፃ፦ ከደብረ ማርቆስ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ጂ+5 ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክሊኒክ አለ። የክሊኒኩ የልብ ምርመራ ማሽን፣ ኢሲጂው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያወጣው ወረቀት አይነበብም ነበር። ቀጭን መሆን የነበረበት መስመር ወፍሮ፣ በጥቁር ቀለም የተሞላ ቀበቶ መስሎ ይወጣል። ከቀትር በኋላ ግን ያው ማሽን፣ ያው አልጋ፣ ያው ባለሙያ ጥርት ያለ ወረቀት ያወጣሉ። ሁለት ፎቅ ከላይ የምግብ ቤት ማእድ ቤት አለ። ከእሱ በላይ ባለው የሠርግ አዳራሽ ደግሞ ቤዝ ጊታሩ ጠዋት አምፕሊፋየር ላይ በተሰካ ቁጥር ያጉረመርማል፤ ተጫዋቹ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞር ጉርምርምታው ይቀንሳል። ሁለቱን ቅሬታዎች አንድ አድርጎ ያያቸው ሰው ለረጅም ጊዜ አልነበረም።

መንስኤው በአጭሩ ይህ ነው። አራተኛ ፎቅ ባለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቦርድ ውስጥ ኒውትራል (ከረንቱን የሚመልሰው ሽቦ) እና ኧርዝ (ለደህንነት ከመሬት ጋር የተያያዘው ሽቦ) በአንዲት አጭር ሽቦ ተገናኝተዋል። ከማእድ ቤቱ የሚመለሰው ከረንት ከፊሉ በኒውትራል ሽቦው መውረዱን ትቶ በኮለኑ (በኮንክሪት ምሰሶው) ፌሮ በኩል ይወርዳል። በሽቦ ወጥቶ በብረት ሲመለስ ሕንፃው ራሱ አንድ ዙር ብቻ ያለው ጥቅል (ኮይል) ይሆናል፤ ስፋቱም 9 ሜትር በ13 ሜትር ገደማ ነው። ኤሌክትሮመግነጢሳዊ መስክ ለመፍጠር ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ሕንፃው እንዴት ተሠርቷል

ኮለኖቹ 40 በ40 ሴንቲሜትር ናቸው። እያንዳንዱ ኮለን 8 ባለ 16 ሚሊሜትር ፌሮ ይዟል፤ ፌሮዎቹ ከስታፋው ጋር በጥቁር ሽቦ ታስረዋል። ከፎቅ ፎቅ 3.2 ሜትር ነው። አምስተኛ ፎቅ ያለው አዳራሽ ጣሪያው በቱቦላሬ ትረስ የተሸከመ ቆርቆሮ ነው። ኃይል የሚመጣው ጓሮ ከቆመ ባለ 15 ኪሎቮልት፣ 200 ኪቪኤ ትራንስፎርመር ሲሆን ዋናው ቦርድ ምድር ቤት ነው። ከዋናው ቦርድ ለየፎቁ ለየብቻው ባለ 16 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ኬብል ይወጣል፤ ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡት ሽቦዎች) እና አንድ ኒውትራል፣ በድምሩ አራት ሽቦ። አምስተኛው፣ ማለትም የኧርዝ ሽቦ፣ አብሮ አልወጣም። በምትኩ ሠራተኞቹ በየፎቁ ከቦርዱ አንድ ባለ 10 ሚሊሜትር ካሬ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አውጥተው ቅርብ ካለው ኮለን ፌሮ ጋር አስረውታል። ምድር ቤት ደግሞ ኒውትራልና ኧርዝ በዋናው ቦርድ ተገናኝተው ከመሠረቱ ብረት ጋር በጠፍጣፋ ብረት ተያይዘዋል። ይህ የታችኛው ግንኙነት ትክክል ነው፤ ሊኖር የሚገባው ግን እዚያ ብቻ ነበር።

የኧርዝ ሽቦን ከኬብሉ ጋር አለማውጣት በአካባቢው የተለመደ ቁጠባ ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ የሚታየው እንዲህ ያለ ስህተት ሲመጣ ነው። ኧርዝ ሽቦው ከኒውትራሉ ጎን ለጎን ቢሆን ኖሮ የተሳሳተው ከረንት በዚያው ኬብል ይመለስና መስኩ እዚያው ይጣፋ ነበር፤ ኮለን ፍለጋ አይሄድም።

አራተኛ ፎቅ ያለው ማእድ ቤት ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለው፤ እያንዳንዳቸው 3.5 ኪሎዋት። በ220 ቮልት አንዱ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። ጋገራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምርና እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ይዘልቃል። ክሊኒኩ የሚከፍተው 2፡30 ላይ ነው። የአንድ ሰዓት ተኩሉ መደራረብ ነው የኢሲጂውን ጠዋት ያበላሸው።

ሁለቱ ምጣዶች አንደኛው ፌዝ ላይ፣ ሦስተኛው ሁለተኛው ፌዝ ላይ ተሰክተዋል፤ ሦስተኛው ፌዝ ባዶ ነው። 32 አምፔርና 16 አምፔር በ120 ዲግሪ ተለያይተው ሲደመሩ ኒውትራሉ ላይ 28 አምፔር ገደማ ይሰጣሉ። ሸክሙ ለሦስቱ ፌዝ እኩል ቢከፈል ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋ ነበር። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን፤ ምክንያቱም ጉዳዩን በቀላሉ ሊያዳፍን የሚችል መፍትሔ እዚህ ተደብቋል።

መጀመሪያ የተጠረጠሩት

ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ ከጎረቤት ሕንፃ አናት ላይ ባለው የሞባይል አንቴና። ይህ በአንድ ወረቀት ይፈተሻል። ኢሲጂው በተለመደው 25 ሚሊሜትር በሰከንድ ሲሄድ 50 ኸርዝ የሆነ ረብሻ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ሁለት ዙር ስለሚገባ ወፍራም ቀበቶ ብቻ ሆኖ ይታያል። ፍጥነቱን ወደ 50 ሚሊሜትር በሰከንድ ማድረግ ነው፤ ያኔ አንድ ዙር አንድ ሚሊሜትር ይሆናል። በ10 ሚሊሜትር ውስጥ 10 ጫፍ ተቆጠረ። ይህ የመብራቱ ድግግሞሽ ነው። የሞባይል አንቴና በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ኸርዝ ስለሚሠራ እንዲህ ያለ ሞገድ ወረቀት ላይ አይጥልም።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ትራንስፎርመሩ ነው። ትራንስፎርመር አጠገቡ ጠንካራ መስክ ቢኖረውም በርቀት በጣም ቶሎ ይደክማል። አልጋው ከእሱ 14 ሜትር ይርቃል፤ በዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ረብሻው በኤሌክትሪክ መስክ ነው ወይስ በመግነጢሳዊ መስክ የሚለው ነው፤ መድኃኒታቸው ይለያያል። ፈተናው ሕመምተኛ አይፈልግም። አሥሩንም ኤሌክትሮድ አንድ የብረት ሳህን ላይ አገናኝቶ ማሽኑን ማስነሳት ነው። ገመዶቹ አልጋው ላይ ሰፋ ብለው ሲዘረጉ ረብሻው አለ፤ ገመዶቹ ተሰብስበው አንድ ላይ ሲጠመዘዙ ይጠፋል። ስለዚህ ጥፋቱ ከቆዳም፣ ከጄልም፣ ከማሽኑ የኃይል ገመድም አይደለም። በገመዶቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ የሚያልፍ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ አለ። በዚህ በኩል ጊታሩም አስቀድሞ መስክሮ ነበር፤ በአቅጣጫ የሚለዋወጥ ጉርምርምታ የሚመጣው ፒክአፑ (የጊታሩ ድምፅ መቀበያ) ውስጥ ያለው ጥቅል መስክ ሲያነሳ ነው።

መስኩን የለካው ጥቅል

የመስክ መለኪያ መሣሪያ ከተማው ውስጥ አልተገኘም። በምትኩ አንድ ጥቅል ተሠራ። ለሌላ ሰውም ስለሚጠቅም አሠራሩን ሙሉ በሙሉ እናስቀምጠዋለን።

ከባለ 110 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ 3 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ይቆረጣል። ሞተር ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ባለ 0.2 ሚሊሜትር ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ይገዛል፤ 350 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 100 ግራም አካባቢ። ቀለበቱ ላይ 1000 ዙር ይጠቀለላል። ሲያልቅ በኦም ሲለካ ወደ 190 ኦም መስጠት አለበት፤ በጣም ካነሰ ቫርኒሹ ተልጦ ዙሮች ተነካክተዋል፣ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ሁለቱ ጫፎች ቫርኒሻቸው ተፍቆ፣ ተጠማዝዘው፣ ከመልቲሜትር ጋር ይያያዛሉ። መጠማዘዙ አይዘለልም፤ ያልተጠማዘዘ ገመድ ራሱ ሌላ ጥቅል ነው።

የጥቅሉ የውስጥ ስፋት 0.0095 ሜትር ካሬ ነው። በ50 ኸርዝ ለእያንዳንዱ ማይክሮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ አሃድ) 3 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ስሌቱ 2 ጊዜ ፓይ፣ ጊዜ 50፣ ጊዜ 1000 ዙር፣ ጊዜ ስፋቱ ነው። መልቲሜትሩ የኤሲ ሚሊቮልት ክልል ያለው መሆን አለበት። ገበያ ላይ ከሚገኙት ርካሽ ቴስተሮች ብዙዎቹ የኤሲ ክልላቸው ከ200 ቮልት ይጀምራል፤ እነዚህ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ጥቅሉን ማመን የሚቻለው ከተፈተሸ በኋላ ነው። 2.2 ኪሎዋት የውሃ ማሞቂያ 10 አምፔር ይስባል። የአንዱን ሽቦ ቀጥ ያለ ክፍል ወስዶ የመመለሻውን ሽቦ 4 ሜትር ያህል ማራቅ፣ ከዚያም ጥቅሉን ከቀጥተኛው ሽቦ 20 ሴንቲሜትር ላይ መያዝ ነው። እዚያ ያለው መስክ 10 ማይክሮቴስላ ነው፤ መልቲሜትሩ ወደ 30 ሚሊቮልት ካነበበ ጥቅሉ ልክ ነው። መመለሻው ሽቦ 5 በመቶ ያህል ስህተት ይጨምራል፤ ለዚህ ዓይነት ፍለጋ አይጎዳም። ሲለካም ጥቅሉን በሦስት አቅጣጫ አዙሮ ከፍተኛውን መያዝ ያስፈልጋል።

በጋገራ ሰዓት የተገኘው ንባብ ይህ ነበር። ከክሊኒኩ አልጋ ራስጌ ካለው ኮለን መሐል 50 ሴንቲሜትር ላይ 9.4 ሚሊቮልት፣ 1 ሜትር ላይ 4.9 ሚሊቮልት። ማለትም 3.1 እና 1.6 ማይክሮቴስላ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ በግማሽ ቀነሰ። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ሄዶ መመለሻው አብሮት ያለ ኬብል ቢሆን ኖሮ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ምክንያቱም የሄደውና የተመለሰው ከረንት እርስ በርስ ይጣፋሉ። በግማሽ ብቻ የሚቀንስ መስክ መመለሻው አጠገቡ የሌለ ብቸኛ ከረንት ምልክት ነው። ከረንቱም ይሰላል፤ መስኩ በማይክሮቴስላ፣ ጊዜ ርቀቱ በሜትር፣ ጊዜ 5። ኮለኑ ውስጥ 8 አምፔር ያህል እየሄደ ነው።

የሕመምተኛው ደረት ከኮለኑ መሐል 60 ሴንቲሜትር ላይ ያርፋል፤ መስኩ እዚያ 2.7 ማይክሮቴስላ። የኢሲጂው ገመዶች ሲዘረጉ 0.15 ሜትር ካሬ ያህል ቦታ ይከባሉ። በዚህ ላይ የሚነሣው ቮልቴጅ 0.13 ሚሊቮልት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.36 ሚሊቮልት። ወረቀቱ በ1 ሚሊቮልት 10 ሚሊሜትር ስለሚሄድ 3.6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀበቶ ይሆናል። በእያንዳንዱ የልብ ምት መጀመሪያ የምትታየው ትንሽ ሞገድ፣ ፒ ሞገድ፣ ጤናማ ስትሆን ከፍታዋ ከ2.5 ሚሊሜትር አይበልጥም። ሐኪሙ የፈለገው ሞገድ ከረብሻው ያነሰ ነበር ማለት ነው።

ከረንቱን እስከ ምንጩ መከተል

ምንጩ ከሕንፃው ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ የሚለው በማጥፋት ይፈታል። ምጣዶቹ እየሠሩ ሳለ ዋናው ብሬከር ወረደ፤ መስኩ ከ2.7 ወደ 0.04 ማይክሮቴስላ ወደቀ። ከዚያ ዋናው በርቶ የየፎቁ ብሬከር በየተራ ወረደ። አራተኛው ሲወርድ ብቻ መስኩ ጠፋ። ይህ ሥራ ከሁሉም በፊት መደረግ ነበረበት፤ 20 ደቂቃ የማይሞላ ነው።

ቀጥሎ ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦ ሳይቆረጥ ዙሪያውን ነክሶ ከረንት የሚለካው መሣሪያ። ብዙ ሰው ክላምፕ ሜትርን የሚያውቀው አንድ ሽቦ በመንከስ ነው። እዚህ ግን የሚነከሱት አራቱም በአንድ ላይ ናቸው፤ ሦስቱ ፌዝና ኒውትራሉ። የወጣው ሁሉ በዚያው ከተመለሰ ንባቡ ዜሮ ነው። ሸክሙ ሚዛኑን ቢስትም ዜሮ ነው። ዜሮ ካልሆነ ያ ልዩነት በሌላ መንገድ እየተመለሰ ነው። ከአንደኛ፣ ከሁለተኛ፣ ከሦስተኛና ከአምስተኛ ፎቅ ኬብሎች የተነበበው ከ0.2 አምፔር በታች ነው። ከአራተኛው ፎቅ 12 አምፔር ተነበበ። ከቦርዱ ወደ ኮለኑ የሚሄደው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ለብቻው ሲነከስ ያው 12 አምፔር። ኒውትራሉ ለብቻው 17።

17 እና 12 ሲደመሩ 29 ይሆናሉ፤ ኒውትራሉ መሸከም የነበረበት ግን 28 ነው። ይህ የመለኪያ ስህተት አይደለም። በብረቱ የሚሄደው ከረንት ሰፊ ዙር ስለሚዞርና ብረት መግነጢሳዊ ስለሆነ ከመዳቡ ከረንት በጥቂት ዲግሪ ይዘገያል፤ ስለዚህ በቀጥታ አይደመሩም።

ብረት ከመዳብ ይልቅ መጥፎ አስተላላፊ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ከረንት እንዴት ወሰደ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ብዛት ነው። 22 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ከነመገጣጠሚያው 30 ሚሊ ኦም ያህል ነው። የኮለኑ ስምንት ፌሮ ግን በአንድ ላይ 1600 ሚሊሜትር ካሬ ብረት ነው። በ50 ኸርዝ ከረንቱ የሚሄደው በፌሮው ቆዳ በኩል፣ ወደ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ብቻ ቢሆንም፣ ከነማገናኛ ሽቦውና ከነሰፊው ዙር መንገዱ 40 ሚሊ ኦም ገደማ ይሆናል። ሁለት ተቀራራቢ መንገድ ያገኘ ከረንት ይካፈላል። ከ12ቱ 8 አምፔር በቅርቡ ኮለን ወረደ፤ የቀረው በቢሞቹ በኩል ወደ ሌሎቹ ኮለኖችና ወደ ውሃ መስመሩ ብረት ተበተነ።

የጊታሩም ነገር እዚሁ ይገባል። ከኬብል መውጫው እስከ ማእድ ቤቱ ቦርድ ያለው 9 ሜትር ኬብል የሚያልፈው ከማእድ ቤቱ ኮርኒስ በላይ፣ ልክ ከአዳራሹ ወለል ሥር ነው። 12 አምፔር የጎደለው ኬብል 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ ላለ ጊታር 2 ማይክሮቴስላ ይሰጣል።

ቦርዱ ሲከፈት

ኒውትራል ባሩና ኧርዝ ባሩ በአንዲት 10 ሴንቲሜትር ሽቦ ተገናኝተዋል። ከሱም የባሰ ነገር ተገኘ። ለምጣዶቹ የተገጠመው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ሪሲጁዋል ብሬከር (ከረንት ወደ ሌላ መንገድ ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጠው) ቦታው ላይ አለ፤ ሽቦዎቹ ግን ታልፈውት ወደ ተራ ብሬከር ተዛውረዋል።

ከጥገናው አሻራ የሚነበበው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የሁለተኛው ምጣድ ሸክላ ተሰንጥቋል። ሊጥና እርጥበት በስንጥቁ ገብቶ ሥር ካለው ጠመዝማዛ የኒክሮም ሽቦ ደርሷል፤ ከዚያ ወደ ላሜራው ክፈፍ ከረንት መፍሰስ ጀመረ። ሪሲጁዋሉ ሥራውን ሠራ፤ ወደቀ፣ ሲነሣም ወደቀ። ጋገራ እየቆመ ስላስቸገረ ታለፈ። ያን ጊዜ ምጣዱ መንዘር ጀመረ፤ የምጣዱ የኧርዝ ሽቦ ፕላጉ ውስጥ ተበጥሶ ነበርና። ኧርዙ ደካማ ነው ተብሎ ቦርዱ ውስጥ ከኒውትራል ጋር ተያያዘ። ንዝረቱ የቆመው ግን የምጣዱ ገመድ በተቀየረ ጊዜ ነው፤ ጃምፐሯ (ሁለቱን ባር ያገናኘችው አጭር ሽቦ) ሥራ ሳይኖራት እዚያው ቀረች። እያንዳንዱ እርምጃ ለጊዜው የሠራ ስለመሰለ ወደኋላ ተመልሶ የመረመረ አልነበረም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አደጋው ከኢሲጂው ወረቀት ይበልጣል። የፎቁ ኒውትራል አንድ ቀን ቢላቀቅ 28ቱም አምፔር በፌሮው ይወርዳል፤ መብራት አይጠፋም፣ ብሬከር አይወድቅም፣ ማንም አያውቅም። ከዚያ የኮለኑ ማሰሪያ ቢላላ በዚያ ፎቅ ያለው ኧርዝ የተያያዘበት ብረት ሁሉ፣ የምጣዱ ክፈፍ፣ የፍሪጁ አካል፣ የእቃ ማጠቢያው፣ እስከ 220 ቮልት ሊደርስ ይችላል። እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የሚሠራ ሰው ሕይወት ያለው በአንድ ብሎን ላይ ነው ማለት ነው።

ጥገናው

ጃምፐሯን ከመንቀል በፊት ኒውትራሉ ጤነኛ መሆኑ ይረጋገጣል። የተቃጠለ ኒውትራል ያለበት ፎቅ በጃምፐር ብቻ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጃምፐሯ ስትነቀል ኒውትራሉ ተንሳፋፊ ይሆንና ትንሽ ሸክም ያለበት ፌዝ ላይ ያሉ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ወደ 380 ቮልት የሚጠጋ ይደርስባቸዋል። የተሠራው እንዲህ ነው፦ ብሬከሩ ወርዶ ተቆለፈ፣ ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ተፈተሸ፣ የኒውትራሉ ሁለቱም ጫፎች ብሎናቸው ጠብቆ ታሰረ፣ ከዚያ ጃምፐሯ ተነቀለች። ኃይሉ ተመልሶ ሦስቱም ምጣድ ሲበሩ በኒውትራልና በኧርዝ ባር መካከል 0.7 ቮልት ተነበበ። 30 ሚሊ ኦም ኒውትራል ላይ ከ20 አምፔር በላይ ሲሄድ የሚጠበቀው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው። 5 ወይም 10 ቮልት ቢሆን ኖሮ የላላ መገጣጠሚያ ፍለጋ ይጀመር ነበር።

ነገር ግን አራቱ ሽቦ ሲነከሱ ንባቡ ዜሮ አልሆነም፤ 5 አምፔር። ብዙ ጥገና የሚቆመው እዚህ ነው፤ ከ12 ወደ 5 ወርዷልና ተሻሻለ ተብሎ ይታለፋል። 5 አምፔር ከሌላ ሁለተኛ ግንኙነት ውጭ ከየትም አይመጣም።

ፍለጋው ያለ ኃይል ነው። ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ተነቀለ፣ ዋናው ኒውትራል ከባሩ ወጣ፣ በኒውትራል ባርና በኧርዝ ባር መካከል በ500 ቮልት ዲሲ ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ተለካ። ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መሆን ሲገባው ወደ ዜሮ ተጠጋ። ከዚያ ከባሩ ላይ የየመስመሩ ኒውትራል አንድ በአንድ እየተነቀለ ተለካ። ከዘጠኙ ስድስተኛው ሲነቀል ንባቡ ዘሎ ወጣ። መስመሩ የሚሄደው ወደ ፍሪጁ ሶኬት ነው፤ ሶኬቱ ሲከፈት ኒውትራልና ኧርዝ ጀርባው ላይ በቁራጭ ሽቦ ተያይዘዋል። ቁጥሩም ይገጥማል፤ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ 7 ሜትር ሄዶ 7 ሜትር ሲመለስ 100 ሚሊ ኦም ያህል ይጨምራል፤ በዚህ ረዘም ያለ መንገድ የሚሄደው ድርሻ ልክ 5 አምፔር አካባቢ ነው።

ሶኬቱ ከተስተካከለ በኋላ የአራተኛው ፎቅ ልዩነት ከ0.2 አምፔር በታች ሆነ። ባሮቹ መካከል ያለው ቮልቴጅም ወደ 0.9 ከፍ አለ፤ አሁን 28ቱም አምፔር በኒውትራሉ ስለሚመለስ። በአልጋው ላይ መስኩ 0.06 ማይክሮቴስላ፤ የኢሲጂው መስመር ቀጭን።

ምጣዶቹ ለሦስቱ ፌዝ አንድ አንድ የተከፈሉት ከዚህ በኋላ ነው፣ ሆን ተብሎ። ክፍፍሉ አስቀድሞ ቢደረግ ኒውትራሉ ባዶ ስለሚሆን መስኩም ይጠፋ ነበር፤ ክሊኒኩም አመስግኖ በሩን ይዘጋ ነበር። ጃምፐሯ ግን ትቀራለች፣ አደጋዋም ይቀራል፤ አንድ ምጣድ በጠፋ ቁጥር 16 አምፔር ተመልሶ ይካፈላል። ምልክቱን አጥፍቶ በሽታውን ማስቀመጥ ይህ ነው።

ሪሲጁዋሉ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የተሰነጠቀው ሸክላ ተቀየረ። እያንዳንዱ ምጣድ በባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና በባለ 20 አምፔር ብሬከር ለብቻው ወጣ። ከዋናው ቦርድ እስከ አራተኛ ፎቅ ባለ 16 ሚሊሜትር ካሬ የኧርዝ ሽቦ ከኬብሉ ጋር ታስሮ ተዘረጋ።

ሥራው እስኪያልቅ ክሊኒኩ የሠራበት ጊዜያዊ ዘዴም ይጠቅማል። አልጋው ከኮለኑ 2 ሜትር ተጨማሪ ራቀ፤ መስኩ ወደ 0.6 ማይክሮቴስላ ወረደ። የኢሲጂው ገመዶች ከደረት እስከ ማሽኑ አንድ ላይ ተጠመዘዙ፤ የሚከቡት ስፋት ወደ ሩብ ቀነሰ። ሁለቱ አብረው ረብሻውን ወደ 0.2 ሚሊሜትር አወረዱት። የማሽኑ የ50 ኸርዝ ማጣሪያ ከዚህ ቀደም ተሞክሮ ነበር፤ ማጣሪያ ግን ከረብሻው ጋር የልቡን ጥቃቅን ምልክት ሊያለሰልስ ስለሚችል ገመድ መጠምዘዝ ይቀድማል።

ያልተቀበልናቸው ሐሳቦች

የኧርዝ ሽቦውን ከፌሮው ቆርጦ መለየት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከረንቱ በእርግጥ ይቆማል፤ ግን ፌሮውን ከኧርዝ ጋር ማያያዝ ራሱ ጥፋት አይደለም። በሕንፃ ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ አንድ ቮልቴጅ ላይ እንዲቆም የሚያደርገው እሱ ነው፤ የጎጃም ደጋ ክረምቱ ነጎድጓድ እንደሚበዛበት ለሚያውቅ ሰው ይህን መቁረጥ መፍትሔ አይደለም። ጥፋቱ የኒውትራል እዚያ መግባት ነው።

የክሊኒኩን ግድግዳ በላሜራ ማልበስም ተነሥቶ ነበር። ቀጭን ላሜራ በ50 ኸርዝ ብቸኛ ከረንት የሚፈጥረውን መስክ ብዙም አያግድም፤ ወጪው ትልቅ፣ ውጤቱ ትንሽ ነው።

ተከራዮች ስለ ጤናም ጠይቀዋል፤ መልስ ይገባቸዋል። አዮን ከማይፈጥር ጨረር የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን (ICNIRP) የ2010 መመሪያ ለሕዝብ በ50 ኸርዝ ያስቀመጠው ጣሪያ 200 ማይክሮቴስላ ነው፤ እዚህ የተለካው 3 ነበር። በሌላ በኩል የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድግግሞሽ መግነጢሳዊ መስክ 2ቢ በሚለው ምድብ፣ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ተብሎ መድቦታል። መነሻው በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮቴስላ በላይ ባለባቸው ቤቶችና በልጆች ሉኪሚያ መካከል በጥናቶች የታየ ዝምድና ነው፤ መስኩ ምክንያቱ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። የሽቦ ስህተትን በማረም ብቻ ወደ 0.06 ማውረድ ከተቻለ ላለማውረድ ምክንያት የለም።

ቀጣዩ ተራ የሦስተኛ ፎቅ ነው። ልዩነቱ ዛሬ ከ0.2 አምፔር በታች ቢሆንም ኬብሉ አሁንም አራት ሽቦ ብቻ ነው፤ ኧርዙም ኮለን ላይ በጥቁር ሽቦ ታስሯል። ባለ 16ቱ ሽቦ ተገዝቶ ምድር ቤት ተቀምጧል፤ ተከራዩ ግማሽ ቀን መብራት እንዲጠፋ ሲፈቅድ ይዘረጋል።